እየዳነ የሚመለሰው እብጠት፦ የቆዳ እጢ ካንሰርን በጊዜ የመለየት ፈተና በደሴ እና ኮምቦልቻ

በላይኛው የዓይን ቆብ ላይ የምትወጣ ትንሽ እብጠት ብዙ ሰው አታስደነግጥም። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይያዝባታል፤ ቅባት ይገዛላታል፤ ካልጠፋችም በጤና ጣቢያ ተበጥታ ፍሳሿ ይወጣል። አብዛኞቹ እብጠቶች በዚሁ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን ከወራት በኋላ በዚያው ቦታ ይመለሳሉ፤ ዳግም ይበጣሉ፤ ዳግም ይመለሳሉ። ከእነዚህ መካከል እጅግ ጥቂቶቹ ተራ እብጠት ሳይሆኑ ከቆዳ እጢዎች የሚነሱ ካንሰሮች ናቸው።

በደሴ፣ በኮምቦልቻ እና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ለሚያገለግሉ የጤና ተቋማት ፈተናው እነዚህን ጥቂቶች ከብዙዎቹ መካከል ለይቶ ማውጣት ነው። መልሱ ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት በውድ መሣሪያ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። ከእብጠቱ ላይ የተቆረጠች የምስር ፍሬ የምታህል ሥጋ ሳትበላሽ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ መድረሷ፣ ውጤቱም ተመልሶ ታካሚውን ማግኘቱ አብዛኛውን ነገር ይወስናል።

ጉዳዩ በዓለም መድረክም ትኩረት ማግኘት ጀምሯል። በግንቦት 2017 ዓ.ም በጄኔቫ የተካሄደው 78ኛው የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎችን ዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና ቅድሚያ ጉዳይ አድርጎ የሚቀበል የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። ለረጅም ዘመን «የሚያሳክክ እንጂ የማይገድል» ተደርጎ ሲታይ የኖረው የሕክምና ዘርፍ በዚህ ደረጃ መነሣቱ አንድ እርምጃ ነው። ውሳኔው ከወረቀት አልፎ ለአንድ የገጠር ታካሚ ትርጉም የሚኖረው ግን በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ የሚደረገው ነገር ሲለወጥ ነው።

«እጢ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዕለት ተዕለት አማርኛ «እጢ» የሚለው ቃል ያለ ቦታው የበቀለን እብጠት ያመለክታል። በሕክምና ቋንቋ ግን እጢ ማለት ፈሳሽ የሚያመነጭ ጤናማ የሰውነት ክፍል ነው። ምራቅ፣ እንባ፣ ላብ እና ወተት ሁሉ ከእጢዎች የሚመነጩ ናቸው። ስለዚህ «የቆዳ እጢ ካንሰር» ሲባል በቆዳ ላይ ያበጠ ማንኛውም ነገር ማለት ሳይሆን፣ በቆዳ ውስጥ ላብ ወይም ቅባት ከሚያመነጩ ጥቃቅን ክፍሎች የተነሣ ካንሰር ማለት ነው።

ከእነዚህ መካከል በዓለም ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው የቅባት እጢ ካንሰር ነው። በብዛት የሚታየውም በዓይን አካባቢ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ በረድፍ የተደረደሩ በአሥሮች የሚቆጠሩ የቅባት እጢዎች አሉ። እነርሱ የሚያመነጩት ስስ ቅባት እንባ ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። በላይኛው ቆብ ላይ ያሉት እጢዎች ከታችኛው ስለሚበዙ ካንሰሩም በላይኛው ቆብ ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው የላብ እጢ ካንሰር ነው። አንዱ ዓይነት ብዙውን ጊዜ በዕድሜ በገፉ ሰዎች እግር ላይ ይወጣል። ለዓመታት ሳይለወጥ ከቆየ ጉዳት አልባ ጉብታ ላይ ሊነሣም ይችላል። ጉብታው በድንገት ማደግ፣ መድማት ወይም መቁሰል ሲጀምር ባሕርዩ እየተቀየረ መሆኑን ያሳያል። ሌላው ዓይነት ደግሞ በፊት ላይ፣ በተለይ በከንፈር ዙሪያ፣ እንደ ጠባሳ ጠንከር ብሎ ይታያል፤ ከላይ ትንሽ ቢመስልም ከሥር በነርቭ መስመር እየተከተለ ርቆ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ፓጄት በመባል የሚታወቀው ነው። ስያሜውን ያገኘው በሽታውን እ.አ.አ በ1874 በጡት ጫፍ ላይ ከገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ጡት በአፈጣጠሩ ከላብ እጢ ጋር የሚዛመድ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ በሽታ የላብ እጢ በሚበዛባቸው የብልት፣ የፊንጢጣ እና የብብት አካባቢዎችም ይከሰታል። መልኩ እንደ ጭርት ወይም እንደ ችፌ ቀይ፣ የሚያሳክክና የሚቀረፍ ነው። በቅባት ለጊዜው ቀለል ይላል፤ ነገር ግን አይድንም።

ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አላቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አያሙም፤ መልካቸውም ከእነርሱ ይልቅ በጣም የተለመደ ሌላ በሽታን ይመስላል።

የአካባቢው በሽታዎች ጥላ

ይህ መመሳሰል በየትኛውም ሀገር ሐኪሞችን ያሳስታል። በዓይን ቆብ ላይ የሚወጣው የቅባት እጢ ካንሰር ምልክቱ ከታየ ጀምሮ ስሙ እስኪታወቅ ከአንድ ዓመት በላይ መፍጀቱ ባደጉት ሀገራትም የተለመደ ነው። በደቡብ ወሎ ግን ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ትራኮማ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ ምክንያት ለዓመታት የቀላ፣ ያበጠና የሚያለቅስ ዓይን ሲታይ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ትራኮማ መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው። የቅባት እጢ ካንሰርም እብጠት ሳይሠራ በቆቡ ሽፋን ላይ ተበታትኖ ሲሰራጭ የሚሰጠው መልክ ይኸው ነው። በሌላ አካባቢ ሐኪምን የሚያነቃው ትልቁ ምልክት የሽፋሽፍት መርገፍ ነው። ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉርን በወረንጦ መንቀል በተለመደበት ማኅበረሰብ ግን የሽፋሽፍት መጉደል ማንንም አያስገርምም። ምልክቱ አለ፤ የሚያስደነግጠው ሰው ግን የለም።

ሁለተኛው ቁንጭር ነው። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ በደሴ ዙሪያ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ይታያል። በአፍንጫ፣ በጉንጭ እና በከንፈር ላይ የሚያወጣው ጉብታና ቁስል ከካንሰር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በዚህ የተነሣ ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊከሰት ይችላል። ካንሰር እንደ ቁንጭር ተቆጥሮ ለወራት ሊታከም፣ ቁንጭርም ካንሰር ነው ተብሎ ታካሚውን ሊያስደነግጥ ይችላል።

ሦስተኛው «ካንሰር የነጭ ቆዳ በሽታ ነው» የሚለው ግምት ነው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጨረር ጋር በቀጥታ ከሚያያዙት የቆዳ ካንሰሮች የተሻለ መከላከያ እንዳለው እውነት ነው። የእጢ ካንሰሮች ግን ለዚህ ሕግ አይገዙም። የቅባት እጢ ካንሰር በእስያ ሀገራት ከሚታዩት የዓይን ቆብ ካንሰሮች መካከል ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ነው። የሰውነት የመከላከል አቅማቸው በኤች አይ ቪ ወይም በመድኃኒት የተዳከመ ሰዎችም የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። በተጨማሪም የሕክምና መጻሕፍት የሚያሳዩት አብዛኛው ሥዕል በነጣ ቆዳ ላይ የተነሣ ነው። «ቀይ» ተብሎ የተጻፈው ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ጠይም፣ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ ሆኖ ሲታይ ልምድ የሌለው ዓይን ሊያልፈው ይችላል።

ወሳኟ ቁራጭ ሥጋ

ዓይን የማይለየውን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው። የቆዳ እጢ ካንሰር በደም ምርመራ አይታወቅም፤ በመልኩ ብቻ በእርግጠኝነት መናገርም አይቻልም። ባዮፕሲ የሚባለው የሥጋ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ባለሙያ መታየት አለበት። ሥራው ቀላል ቢመስልም በእያንዳንዱ ደረጃ ሊበላሽ ይችላል።

የመጀመሪያው ብልሽት ናሙናው ጭራሽ አለመወሰዱ ነው። በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል የተቆረጠ ጉብታ «ተራ ነው» ተብሎ ከቆሻሻ ጋር ሲጣል፣ ካንሰሩን ገና ትንሽ ሳለ የማወቅ ዕድሉም አብሮ ይጣላል። ሁለተኛው ናሙናው ከላይ ከላይ መነሣቱ ነው። በዓይን ቆብ ላይ ያለው ካንሰር በጤናማ ሕዋሳት መካከል ተበታትኖ ስለሚገኝ፣ ጥልቀት የሌለው ናሙና «ጤናማ ነው» የሚል አሳሳች ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ሦስተኛው አያያዙ ነው። ናሙናው መጠኑን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 ከመቶ ፎርማሊን ውስጥ ካልተቀመጠ፣ በደረቅ ዕቃ ወይም በጨው ውኃ ከተላከ ሕዋሳቱ ይበሰብሳሉ፤ የተሻለ ባለሙያም ቢሆን የበሰበሰን ሥጋ ማንበብ አይችልም።

አራተኛው የመረጃ ጉድለት ነው። ከናሙናው ጋር የሚላከው ቅጽ «እብጠት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይዞ ከደረሰ የፓቶሎጂ ባለሙያው የሚፈልገውን አያውቅም። «የ60 ዓመት ሴት፣ ላይኛው የግራ ዓይን ቆብ፣ ሁለት ጊዜ ተበጥቶ የተመለሰ፣ ሽፋሽፍት የረገፈበት» የሚል መግለጫ ግን የምርመራውን አቅጣጫ ይቀይራል። የቤተሰብ ታሪክም ከዚሁ ይመደባል። አንዳንድ የቅባት እጢ ካንሰሮች ከትልቁ አንጀት እና ከማሕፀን ካንሰር ጋር በዘር በሚተላለፍ ባሕርይ የተያያዙ ናቸው። በቆዳ ላይ የተገኘች ትንሽ ጉብታ አንዳንድ ጊዜ ለመላው ቤተሰብ ማስጠንቀቂያ ትሆናለች።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ የሚያገኘው በጊዜ ሲሆን ነው። በዓይን ቆብ ላይ ያለ ካንሰር ከ10 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ሲገኝ፣ በዙሪያው ካለ ጥቂት ጤናማ ሥጋ ጋር ተቆርጦ ይወጣና ቆቡ ይጠገናል። ሲዘገይ ግን ዓይኑን ከነጉድጓዱ ማውጣት፣ በጆሮና በአንገት አካባቢ ያሉትን ንፍፊቶች መቁረጥ፣ ከዚያም የጨረር ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የወራት ልዩነት ነው።

ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ጥቁር አንበሳ

ደቡብ ወሎ ለዚህ ሥራ ባዶ እጁን አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ፣ በቆዳ እና በዓይን ሕክምና የረጅም ጊዜ ስም ያለው ተቋም ነው። ከሌላው ወረዳ በተለየ የዓይንና የቆዳ ባለሙያ በአንድ ግቢ መገኘታቸው ለዚህ ዓይነቱ በሽታ ትልቅ ዕድል ነው። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል አለው። በደሴ እና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲም የጤና ባለሙያዎችን ያፈራል።

ችግሩ በተቋማቱ መካከል ያለው ሰንሰለት ነው። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ የምትሠራ አንዲት ሴት በአፍንጫዋ ጎን የወጣባትን ጉብታ ልታሳይ ፈለገች እንበል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር ይጠጋል፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መድረስ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ርቀቱ አጭር ነው። ሆኖም ለመታየት አንድ ቀን፣ ናሙና ለመስጠት አንድ ቀን፣ ውጤት ለመውሰድ አንድ ቀን፣ ቀዶ ሕክምናውን ለመቀጠር ሌላ ቀን ከሥራ መቅረት አለባት። እያንዳንዱ ቀን ከደመወዟ የሚቆረጥ ከሆነ፣ የማያም ጉብታን ይዞ ዝም ማለት ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ለሚመጣ ገበሬ ደግሞ ስሌቱ ከዚህ የከበደ ነው።

ሰንሰለቱ ባለፉት ዓመታት የበለጠ ተዳክሟል። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ወቅት ደሴ እና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ በጦርነት ቀጣና ውስጥ ወድቀው ነበር። በዚያን ጊዜ በደሴ ሆስፒታል እና በሌሎች የጤና ተቋማት ላይ ዘረፋና ውድመት ደርሷል። ማይክሮስኮፕ፣ ማቀዝቀዣና የላቦራቶሪ ዕቃ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ለመተካት ግን ዓመታት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግርም የመንገድ ጉዞን አስተማማኝነት አሳጥቷል። ቀጠሮ ያለው ታካሚ መንገድ ሲዘጋበት የሚያልፈው ቀን ካንሰሩን አያስቆመውም።

ከደሴ በላይ ያለው ደረጃ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ለሚበልጥ ጊዜ የሀገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት አገልግሎቱን ወደ ሌሎች ከተሞች የማስፋት ሥራ ቢጀመርም፣ ከወሎ የሚሄድ ታካሚ ከሕክምናው በላይ የሚያስጨንቀው ማደሪያና ስንቅ ነው። በዚህ ምክንያት በደሴ የምትወሰድ የመጀመሪያዋ ናሙና ሕክምና ብቻ ሳትሆን፣ የአዲስ አበባን ጉዞ የምታስቀር ወጪ ቆጣቢ ናት።

«ብርቅ ለሆነ በሽታ ይህ ሁሉ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2022 እ.አ.አ ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ፤ ከሴቶች መካከል የጡት ካንሰር ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። የቆዳ እጢ ካንሰሮች ከዚህ ቁጥር ውስጥ እጅግ ትንሹን ድርሻ የሚይዙ ናቸው። የእናቶች ሞት፣ ወባ እና የሳንባ ነቀርሳ በሚያስጨንቁት የጤና ሥርዓት ውስጥ ለእነርሱ የተለየ ፕሮግራም ይቋቋም ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ሁለት ነጥቦች መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ «ብርቅ» የሚለው ቃል ራሱ በምርመራ ላይ የተመሠረተ ነው። በኢትዮጵያ ለዓመታት የካንሰር አኃዝ መነሻ ሆኖ ያገለገለው እ.አ.አ በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ ነው። በወረዳ ተቆርጦ የተጣለ ጉብታ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይቆጠርም። ያልተመረመረ በሽታ ሁልጊዜ ብርቅ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ነጥብ የሚያስፈልገው ሰንሰለት ለእነዚህ ካንሰሮች ብቻ የሚዘረጋ አለመሆኑ ነው። የፎርማሊን ዕቃ፣ የተሟላ ቅጽ፣ ናሙና የሚያመላልስ መኪና እና ውጤት የሚያደርስ ስልክ ያለው ጤና ጣቢያ በእግር መዳፍ ላይ የሚወጣውን ሜላኖማ፣ በአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የሚነሣውን ካንሰር፣ የቆዳ ነቀርሳን፣ የሥጋ ደዌን፣ ቁንጭርን እና የጡት ካንሰርንም በዚያው መንገድ ይለያል። ብርቁ በሽታ የሰንሰለቱ መፈተኛ ነው፤ እርሱን መያዝ የሚችል ሥርዓት የተለመዱትንም አያመልጡትም።

ከአሁኑ ሊሠራ የሚችለው

ከሁሉ የሚቀድመው የማያስወጣ ሕግ ነው። ከሰው አካል የተቆረጠ ጉብታ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ። ለሁሉም አቅም ከሌለ ደግሞ አንድ ጊዜ ታክሞ በዚያው ቦታ የተመለሰ እብጠት ያለ ናሙና ዳግም አይበጣ። ይህ በግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚችል፣ ጀማሪ ባለሙያም የሚተገብረው መመሪያ ነው።

ሁለተኛው የትራኮማ ዘመቻዎችን መጠቀም ነው። ለዓይን ፀጉር መቀልበስ ቀዶ ሕክምና የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች በገጠር ከማንም በላይ ብዙ የዓይን ቆብ የሚያዩ ናቸው። በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይ፣ በሕክምና የማይሻል፣ ቆቡን ያወፈረ መቅላት ሲያጋጥማቸው ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ እንዲልኩ ማስተማር ሥልጠናውን ከግማሽ ቀን በላይ አያራዝመውም።

ሦስተኛው የክፍያ ጉዳይ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ በደቡብ ወሎ የምትገኘው ተሁለደሬ ነበረች። ወሎ መድኑን ከጥንስሱ የሚያውቅ አካባቢ እንደመሆኑ፣ የባዮፕሲ ምርመራና የናሙና ማመላለሻ ወጪ ያለ ክርክር በመድኑ የሚሸፈንበትን አሠራር ቀድሞ ቢያሳይ ለሌሎች አርአያ ይሆናል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ለምርመራ የሚሄድ ሠራተኛ ደመወዝ እንዳይቆረጥበት ቢያደርጉ የሚያጡት ጥቂት ነው።

ሕዝቡም የራሱ ድርሻ አለው። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ከምርመራ ጋር አብሮ ሊያስኬደው ይችላል፤ ጉብታን በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ማቃጠል ግን ምልክቱን ሸፍኖ ካንሰሩን ከሥር ይተወዋል። በዓይን ቆብ ላይ የሚመላለስ እብጠት፣ በአንድ ጡት ጫፍ ብቻ ላይ ያለ የማይድን ችፌ፣ በብልት አካባቢ በቅባት የማይጠፋ ማሳከክ፣ ለዓመታት ቆይቶ በድንገት ማደግ ወይም መድማት የጀመረ ጉብታ ያለበት ሰው «ናሙና ይወሰድልኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ሐኪሙን መድፈር ሳይሆን ማገዝ ነው።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከሚታዩት የዓይን ቆብ እብጠቶች አብዛኞቹ ነገም በሞቀ ውኃና በቅባት ይድናሉ። ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰችውን አንዷን ግን ሐኪሙ ምላጩን ከማንሣቱ በፊት ፎርማሊን ያለበትን ዕቃ ከጎኑ ቢያስቀምጥላት፣ አንድ ሰው ዓይኑን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።